ለአገር እድገት የሚቀድመው ምንድን ነው? በጣና ዙሪያ ሰዎች መካከል የተደረገ ክርክር

የጥያቄው አቅራቢ (ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ)

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ ባለፈው ሳምንት ከመራዊ የሚሳተፉት መሐንዲስ ወንድማችን «ኢትዮጵያን ወደ ኋላ ያስቀራት የካፒታል እጥረት ነው፤ ግድቡ፣ መንገዱና የኤሌክትሪክ መስመሩ ከተሟላ ሌላው በራሱ ጊዜ ይከተላል» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይህ የብዙዎቻችን እምነት በመሆኑ በአጭር አስተያየት እንዲታለፍ አልፈለግሁም። ስለዚህ የአንድን አገር እድገት ከሚወስኑት ነገሮች መካከል የትኛው መቅደም እንዳለበት በሰፊው እንድንከራከር እጠይቃለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ላስታውቅ። የኢኮኖሚ ትምህርት የእድገት ምንጮች ብሎ የሚዘረዝራቸውን ነገሮች ይዘን ባሕር ዳርንና አካባቢዋን ብንዞር የምናጣው ጥቂት ነው። የተፈጥሮ ሀብት ከተባለ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ደጃችን ላይ ነው፤ ዓባይም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ኃይል ከተባለ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ኢንዱስትሪ ከተባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቁሟል። ዕውቀት ከተባለ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፍቶ፣ በኋላም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የምናውቀው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። አውሮፕላን ማረፊያ አለን፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። ይህ ሁሉ፣ አብዛኛውም ከስልሳ ዓመት በላይ፣ በአንድ ከተማ ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ ወጣቶቻችን ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ለምንድን ነው?

የእኔ መልስ፣ ሀብቱ ሁሉ ተቆጥሮ ቢደመር እድገት አይሆንም የሚል ነው። አንድ ሰው ዛሬ ያለውን ገንዘብና ጉልበት ነገ ፍሬው ለራሱ እንደሚደርስ ተማምኖ እንዲያወጣ የሚያደርገው ሰላም፣ የሚጸና ሕግና የማያዳላ ዳኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ዳሮን አሴሞግሉ፣ ሳይመን ጆንሰንና ጄምስ ሮቢንሰን የተሸለሙት ተቋማት እንዴት እንደሚፈጠሩና ብልጽግናን እንዴት እንደሚወስኑ በማጥናታቸው ነው። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነበረች፤ በቀጣዩ ዓመት አልማዝ ተገኘባት፤ ገቢውንም በሥርዓት ስለያዘችው ከድህነት ወጣች። ኮንጎ ከዚያ የበለጠ ማዕድን ይዛ የደረሰባትን ሁላችንም እናውቃለን።

መሐንዲሱ (መራዊ)

ሐሳቤ ስለተጠቀሰ መልስ መስጠት ይገባኛል። የተከበሩ አቅራቢ፣ ነገሩን ከከተማው ሳይሆን ከማሳው እንዲመለከቱት እለምንዎታለሁ። እዚህ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በዚህ ሜዳ ያለው ገበሬ የሚጠብቀው ክረምቱን ብቻ ነበር። ግድቡና ቦዮቹ 7,000 ሄክታር እንዲያለሙ ታቅደው ሲሠሩ ያው ገበሬ፣ በያው ሕግና በያው ፍርድ ቤት ሥር እየኖረ፣ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ማምረት ጀመረ። ሕይወቱን የለወጠው ውኃው ነው፤ ውኃውን ያመጣለት ደግሞ ግንባታ ነው።

በኃይልም በኩል ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጢስ ዓባይ 11.4 ሜጋ ዋት፣ በኋላ የተጨመረው ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት ነበር። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን የሠራነው ተቋሞቻችን ፍጹም ሆነው አይደለም፤ ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ሳይቀር ቦንድ እየገዛ የሠራነው ነው። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ያንን ሁሉ እድገት ስታስመዘግብ ፍርድ ቤቶቿ ነጻ እስኪሆኑ አልጠበቀችም። ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ፣ ከእኛም እስከ ወደቡ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያለ በመሆኑ፣ የመንገድን ጉዳይ ሁለተኛ ደረጃ መስጠት ለእኔ የሚታሰብ አይደለም።

የኢኮኖሚክስ መምህሩ (ባሕር ዳር፣ ፔዳ)

የመሐንዲስ ወንድሜ መከራከሪያ በአገራችን በተግባር የተፈተነ ስለሆነ በግምት መነጋገር አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. ከ2004 በኋላ በነበሩት አሥራ አምስት ያህል ዓመታት መንግሥት በመንገድ፣ በኃይል፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግንባታ ላይ እጅግ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል፤ ይፋዊው የእድገት አኃዝም በአማካይ ወደ 10 በመቶ የተጠጋ ነበር። ፍሬ አላስገኘም ማለት ከእውነት መራቅ ነው፤ በብሔራዊው የድህነት መስመር ሲለካ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው የድሆች ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል።

ይሁን እንጂ መንገድ ሲሠራ የተገኘው እድገት የሠራተኛው ደመወዝ፣ የሲሚንቶውና የብረቱ ዋጋ ተደምሮ የተቆጠረ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በመንገዱ ላይ ምን ተጓጓዘ የሚለው ነው። የሸቀጥ ወጪ ንግዳችን ለብዙ ዓመታት ከ3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሳይላቀቅ ከውጭ የምናስገባው የዚያን ብዙ እጥፍ ሆኖ ቆየ። ልዩነቱ በብድር ተሸፈነ። ብድሩ በዶላር፣ ገቢው በብር በመሆኑም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አገሪቱ በ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ላይ የደረሰውን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዚህን ዋጋ ዘይትና ማዳበሪያ የገዛ ሁሉ ከፍሏል።

የኢኮኖሚክስ ሊቁ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። ካፒታል በማከማቸት ብቻ የሚመጣ እድገት መጀመሪያ ፈጣን ይሆናል፤ እያደር ግን ይቀንሳል። መንገድ አይቶ ለማያውቅ ወረዳ የመጀመሪያው መንገድ ብዙ ይሰጠዋል፤ አራተኛው መንገድ ያንኑ ያህል አይሰጠውም። ከዚያ ወዲያ እድገትን የሚያስቀጥለው በያው መሬት፣ በያው ጉልበትና በያው ማሽን የተሻለ ማምረት፣ ማለትም ምርታማነት ነው። በእኛ ቋንቋ ይህን ጉዳይ ገና ከመቶ ዓመት በፊት ያነሡት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ፤ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ሀብቱ ወደ ሠሪው እንደሚሄድበት በግልጽ አስረድተዋል። ምክራቸው ዛሬም ቢሆን አልተፈጸመም።

ጡረተኛው (ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ)

ልጆቼ፣ በብዙ አኃዝ ውስጥ ሰው ጠፋብኝ። እኔ ለረጅም ዘመን በፈረቃ የሠራሁ ሰው ነኝ። ደቡብ ኮሪያ በጦርነት ስትፈርስ የእኛ የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ሄዶ ደሙን አፍስሶላታል። ያን ጊዜ ከእኛ የምትሻል አልነበረችም፤ ዛሬ ግን የእነርሱን መኪናና ስልክ እንገዛለን። ልዩነቱን ያመጣው የሥራ ባህል ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ዘንድ በወሩ ውስጥ ገበሬው ሞፈር የማያነሣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ በመሥሪያ ቤትም ባለጉዳይ «ነገ ይምጡ» እየተባለ ይመለሳል። ትጋት ከሌለ ግድቡም ሕጉም ምን ይሠራል?

የኢኮኖሚክስ መምህሩ (ባሕር ዳር፣ ፔዳ)

ጋሼ፣ በቢሮ ስለሚጉላላው ባለጉዳይ የተናገሩት ትክክል ነው። የገበሬው ነገር ግን ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። በሐምሌ ዝናብ ቆሞ የሚያርምና ሌሊት ማሳውን የሚጠብቅ ሰው የሚያንሰው ትጋት አይደለም፤ በአንድ ቀን ድካሙ የሚያገኘው ምርት ነው የሚያንሰው። በዓሉን የሚያከብረው ገበሬ በተሻለ ዘርና በተሻለ መሣሪያ ቢሠራ በቀሩት ቀናት ከዛሬው እጥፍ ሊያመርት ይችላል።

ስለ ኮሪያ ካነሣን ሙሉውን እናንሣ። ኮሪያውያን ገና ኢንዱስትሪው ሳይስፋፋ የመሬት ሥሪታቸውን አሻሽለው ለአራሹ በባለቤትነት ሰጥተዋል፤ ሕፃናቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስገብተዋል፤ ከአሜሪካ ከፍተኛ እርዳታ አግኝተዋል፤ መንግሥታቸው ለፋብሪካዎች ርካሽ ብድር ሲሰጥም ወደ ውጭ ልከው እንዲሸጡ በጥብቅ ያስገድድ ነበር። ትጋቱ ፍሬ ያፈራው በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። እኛም በ1967 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለን አውጀናል፤ ሆኖም መሬቱን የሕዝብ፣ በተግባርም የመንግሥት አደረግነው፤ አራሹ የመጠቀም መብት ብቻ ቀረለት። ይህ ሌላ ረጅም ክርክር ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

የሩዝ ነጋዴዋ (ወረታ)

መምህር፣ አባታችንም፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ እስካሁን የተባለውን በአንድ ሰብል ላይ እንየው። እኔ ወረታ ላይ ሩዝ እየተቀበልሁ እፈትጋለሁ፤ የማውቀውም ይህንን ነው።

የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ከከብት ግጦሽ ውጭ ብዙም የማይጠበቅበት አገር ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አስተዋወቁን፤ ያ ውኃ የሚተኛበት መሬት ዛሬ በአገር ውስጥ ከሚመረተው ሩዝ ትልቁን ድርሻ ይሰጣል። ገበሬው የተሻለ ነገር ሲያይ እንደሚቀበል ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ነገር ግን አዲስ አበባ ገብታችሁ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሩዝ ብታዩ አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። የእኛው በአብዛኛው ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ይውላል። ሜዳው እያለን፣ ገበሬው እያለን፣ አስፋልቱ በደጃችን እያለፈ ይህ ለምን ሆነ?

ምክንያቱ ከማሽኑ ይጀምራል። ገበሬው የሚያመጣልኝ ሩዝ አንዱ በደንብ የደረቀ፣ ሌላው እርጥበት ያለው፣ ዘሩም የተደባለቀ ነው። እንዲህ ያለው ሩዝ በፈተጋ ይሰባበራል፤ የተሰባበረ ሩዝ ደግሞ ከውጭ በሚመጣው ፊት አይቆምም። መድኃኒቱ ማድረቂያ፣ መለያ ማሽንና ጥሩ መጋዘን ነው። ለዚህ ብድር ስጠይቅ አንድ ባንክ በመያዣነት የከተማ ሕንፃ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። በመጋዘኔ ያለው ሩዝ መያዣ አይሆንም ወይ ብዬ ብጠይቅ አልተቀበሉኝም። ተንቀሳቃሽ ንብረትን በመያዣነት የሚፈቅደው አዋጅ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ወረቀቱ አለ ማለት ነው፤ በጠረጴዛው በኩል የተቀመጠው ሰው ግን በዚያ አይሠራም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለማርገብ ብሎ የባንኮች ዓመታዊ የብድር እድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን ደግሞ ወረፋው ለትልልቆቹ ደንበኞች ሆነ፤ እኛን የመሰለው ከወረፋው ወጣ።

ገበሬውም ዘንድ ያለው ነገር ተመሳሳይ ነው። ሩዙ እንደተሰበሰበ ለማዳበሪያ የተበደረውን፣ የልጆች ወጪን፣ የሠርጉንና የተዝካሩን ለመሸፈን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ያው ገበሬ ርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። በመካከል የሚያተርፈው መጠበቅ የቻለው ነው። ገበሬው እህሉን በታመነ መጋዘን አስቀምጦ በደረሰኙ ብድር ቢያገኝ ትርፉ ከማሳው ባለቤት ጋር ይቀር ነበር።

ስለ መንገዱም ልጨምር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ፣ አዋጁም ካበቃ በኋላ ቢሆን፣ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል። አስፋልቱን ማንም አላነሣውም፤ ድልድዩም አልፈረሰም፤ ሾፌሩ ግን ሕይወቱን ስለሚፈራ አይነቃነቅም፤ ከተነቃነቀም በእጥፍ ዋጋ ነው። ወንድሜ መሐንዲስ፣ መንገድ ማለት ለእኔ መኪናው የሚያልፍበት ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከአቅራቢው ጋር ነኝ።

አስጎብኚው (ጢስ ዓባይ)

የኤሌክትሪክ ኃይሉ በሜጋ ዋት ሲቆጠር ሰምቻለሁ፤ ያልተቆጠረውን እኔ ልናገር። የጣና በለስ ፕሮጀክት የሐይቁን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ ወደ በለስ ተፋሰስ ያሻግራል። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ከሐይቁ መውጫ ላይ የጨራ ጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠርቷል። ውኃው ወደ ተርባይኖቹ በሄደ መጠን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በአብዛኛው ዓመት ቀጥኗል፤ ሰው ፎቶውን አይቶ ሲመጣ የሚያገኘው ያንን አይደለም። በመንደራችን ከቱሪስት ይኖሩ የነበሩ ታንኳ ቀዛፊዎች፣ የእጅ ሥራ ሻጮችና ምግብ አቅራቢዎች ያጡት ገቢ በየትኛው መዝገብ ላይ ተቀነሰ? ሐይቁንም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም ወርሮት ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች መራቢያ የሆነውን ዳርቻ እያለበሰው፣ የርብና የጉማራ ወንዞችም ከተራቆተው ተራራ አፈር እየጫኑ ሐይቁ ውስጥ እያራገፉ ነው። የአገር ምርት ሲሰላ ዓሣው ሲያዝ ይደመራል፤ ዓሣው የሚራባበት ሣር ሲጠፋ አይቀነስም። እንዲህ ባለው ስሌት ላይ የቆመ እድገት የልጆቻችንን ድርሻ አስቀድሞ የበላ ነው ብዬ አምናለሁ።

መሐንዲሱ (መራዊ)

ወንድሜ አስጎብኚው ያነሡት ጉዳይ ከባድ ነው፤ በክብደቱም እመልሳለሁ። ውኃ ለአንድ ነገር ሲውል ከሌላው ይቀንሳል። 460 ሜጋ ዋት ኃይል ግን በመላ አገሪቱ ሆስፒታልና ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል፤ ይህንን ለፏፏቴው ሲባል መተው ነበረብን የሚለውን አልቀበልም። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከኃይሉ ከሚገኘው ገቢ ፏፏቴውን ያጣው መንደር የሚካስበት፣ በተወሰኑ ቀናትም ውኃ የሚለቀቅበት የጸና ሥርዓት አስቀድሞ አብሮ መታቀድ ነበረበት። ይህም የግንባታ ጉዳይ ነው፤ ከዲዛይኑ ጋር ሊሠራ የሚገባው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርቷ (ዘጌ)

ከሁላችሁም ንግግር የጎደለው ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የሰው ካፒታል መለኪያ ኢትዮጵያ ያገኘችው 0.38 ነው፤ ትርጉሙም ዛሬ የሚወለድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ሲያድግ ሙሉ ትምህርትና ሙሉ ጤና ቢያገኝ ሊደርስበት ከሚችለው ምርታማነት 38 በመቶውን ብቻ ይዞ ያድጋል ማለት ነው። በዚሁ ስሌት አንድ ልጅ በአማካይ 7.8 ዓመት ትምህርት ቤት ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል፤ በእርግጥ የተማረው ሲመዘን ግን 4.3 ዓመት ብቻ ይሆናል። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልተማረው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በአዲሱ ሥርዓት መሰጠት ሲጀምር በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ፈተናው ችግሩን አልፈጠረውም፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ተሸፍኖ የኖረውን ገለጠው እንጂ።

ትምህርት ቤት በብዛት ሠርተናል፤ ይህንን መሐንዲሱ ቢኮሩበት ይገባቸዋል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ልጅ ታጭቆ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እየተካፈሉ፣ የመምህሩ ደመወዝ የቤት ኪራይ ሳይሸፍን መማር ማስተማር ይቀጥላል ማለት ራስን ማታለል ነው። አሁን ደግሞ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ለዓመታት በራቸውን የዘጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። አስፋልት ቢፈርስ በሁለት ዓመት ይጠገናል። በአሥር ዓመቱ ማንበብ ሳይለምድ ከትምህርት የራቀ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ስንመልሰው ከማን ጋር እናስቀምጠዋለን? ለዚህ ነው የእድገት ሁሉ መጀመሪያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው ብዬ የምከራከረው፤ ከሰላም ጋር ማወዳደር ሳያስፈልገኝ፤ ሁለቱ በእኛ አገር ዛሬ አንድ ጥያቄ ሆነዋልና።

የጥያቄው አቅራቢ (ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ)

እህቴ መምህርት፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ እኔ ልናገረው የፈለግሁትን ከእኔ በተሻለ ተናግሯል። ከመሐንዲሱ ጋር ያለኝን ልዩነት ግን ጠበብ አድርጌ ላስቀምጠው።

ሰላምና የሚጸና ሕግ ከመንገድ፣ ከትምህርትና ከብድር ጎን የሚደረደር አንድ ተጨማሪ ነገር ነው ብዬ አላምንም። ሰው ምን ያህል ርቆ እንደሚያቅድ የሚወስነው እርሱ ነው። ይህንን እዚያው ቆጋ ላይ ማየት ይቻላል። ገበሬው በመስኖው ሽንኩርት ቢተክል በጥቂት ወራት ይሸጠዋል፤ አቮካዶ ቢተክል ግን ደኅና ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ አለበት። ለውጭ ገበያ የሚሆነውና ዶላር የሚያመጣው አቮካዶው ነው። ነገር ግን መሬቱ በሚቀጥለው ሽግሽግ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ፣ ወይም በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ ይከፈት አይከፈት የማያውቅ ሰው ሽንኩርቱን ይመርጣል። ሁሉም በየግሉ ሽንኩርቱን ሲመርጥ ሽንኩርቱ በአንድ ወር ገበያውን ያጥለቀልቀውና ዋጋው ይወድቃል። ግድቡ ያው ነው፤ ውኃውም ያው ነው፤ የተለየው ገበሬው የሚተማመንበት የጊዜ ርዝመት ነው።

የዚህን ተቃራኒም አይተናል። በክልላችን በ1990ዎቹ ዓመታት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው መሰጠት ሲጀምር፣ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ሰፍሮበት፣ ብዙ የይዞታ ክርክር ረገበ፤ ሴቶች በፍቺና በውርስ ጊዜ የሚያሳዩት ማስረጃ አገኙ። ያ ሥራ ሲሚንቶ አልፈለገም፤ የፈለገው ቀያሽ፣ መዝገብና የቀበሌው ሰው የሚያምነው ኮሚቴ ነበር። ወንድሜ የጠቀሷት ቻይናም ብትሆን እ.ኤ.አ. ከ1978 በኋላ መጀመሪያ ያደረገችው የጋራ እርሻውን ለየቤተሰቡ በኮንትራት መስጠትና ለመንግሥት ከሚያስረክበው ኮታ የተረፈውን ራሱ እንዲሸጥ መፍቀድ ነው፤ ታላላቆቹ መንገዶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቷ ነጻ አልነበረም፤ ገበሬው ግን የላቡ ዋጋ ለራሱ እንደሚቀር ያምን ነበር። ተቋም ስል ይህንን ማለቴ ነው፤ የግድ የምዕራባውያኑን መልክ የያዘ መሆን የለበትም።

መሐንዲሱ (መራዊ)

ስለ አቮካዶው የተናገሩትን በዓይኔ የማየው ስለሆነ አልክድም። ቢሆንም የሚጸናው ሕግ በአየር ላይ አይቆምም። ቀያሹን የሚከፍለው፣ ዳኛውን የሚያኖረው፣ መምህሩን ቤት ኪራይ የሚያስችለው ግብር ነው፤ የአገራችን የግብር ገቢ ከጠቅላላው ምርት ከ10 በመቶ በታች ነው። ግብሩ የሚጨምረው ምርት ሲጨምር፣ ምርቱም የሚጨምረው ውኃና ኃይል ሲኖር ነው። እናንተ ተቋም ይቅደም ስትሉ እኔ ተቋሙን ማን ይክፈልለት ብዬ እጠይቃለሁ። ደግሞም ሰላም እስኪሰፍን ግንባታ ይቁም ብንል ለወጣቱ ሥራ የሚሰጠው ማን ነው? ሥራ ያጣ ወጣት በበዛበት አገር ሰላሙስ ከየት ይመጣል?

የሩዝ ነጋዴዋ (ወረታ)

ወንድሜ፣ ግንባታ ይቁም ያለ ሰው በመካከላችን የለም። ሥራ ከየት ይመጣል ላሉት ግን ስለ ራሴ ሥራ ልመልስልዎ። ማድረቂያውንና መለያውን ብተክል ሰው እቀጥራለሁ፤ ከፈተጋ የሚወጣውን ገለባም የሚገዛኝ አገኛለሁ፤ ግብርም እከፍላለሁ። ይህንን ለማድረግ ከመንግሥት አዲስ ግድብ አልጠብቅም። ከወረታ እስከ ባሕር ዳርና ጎንደር ያለው መንገድ ዓመቱን ሙሉ ይከፈት፤ በመጋዘኔ ያለው እህል በአዋጁ መሠረት መያዣ ይሁን፤ ከገበሬው ጋር የተፈራረምሁት ውል ሲፈርስ የወረዳው ፍርድ ቤት በአንድ የምርት ዘመን ውስጥ ይወስንልኝ። ሦስቱም ለክልሉ በጀት ከአንድ ትልቅ ግንባታ ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን በገንዘብ አይገኝም፤ የሚገኘው የሚታኮሱት ወገኖች ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው። እርስዎ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ለሚቀጥለው ዓመት እቅድ ሲዘጋጅ ከአዲሱ መስመር በፊት ለተሠራው ጥገናና ጥበቃ በጀት እንዲያዝ ድምፅዎን ቢያሰሙልን፣ ከእኔ ጋር ያለዎት ልዩነት በጣም ጠባብ ይሆናል።